ወደ ሌላ በር የማይልክ ክሊኒክ

በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ከተማ ውስጥ፣ በጆርጅ ዋለን ስም የተሰየመ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል አለ። ዋለን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በኢዎ ጂማ ውጊያ፣ ራሱ ደጋግሞ እየቆሰለ ሌሎች ቁስለኞችን ማከሙን ያልተወ የባሕር ኃይል የሕክምና ባልደረባ ነበር፤ አገሩም ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳሊያ ሸልማዋለች። በዚህ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ለየት ያለ የተመላላሽ ሕክምና ክሊኒክ ሥራ ጀመረ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ክሊኒኩ የተቋቋመው በተለመደው አሠራር ሕክምና ሊዘልቅላቸው ላልቻለ ሰዎች ነው፤ ሱስ ለያዛቸው፣ ቤት ለሌላቸው፣ ሥር የሰደደ ሕመም ለሚያሠቃያቸው፣ አእምሯቸው ለተጎዳ። ብዙ ጊዜ ደግሞ እነዚህ ሁሉ የሚገኙት በአንድ ሰው ላይ ተደራርበው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው በተለመደው አሠራር ምን ይገጥመዋል? በአገልግሎት ላይ ሳለ ወገቡን ተጎዳ እንበል። ሐኪም ያዘዘለትን የኦፒዮይድ ማስታገሻ ለዓመታት ሲወስድ ቆይቶ፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥበት ወደ ሄሮይን ዞረ። በመርፌው ሄፓታይተስ ሲ ያዘው። አሁን የሚያድረው መኪናው ውስጥ ነው። ስለ ወገቡ ሊታከም ሲመጣ «መጀመሪያ ሱስዎን ይታከሙ» ተብሎ ሪፈር ይጻፍለታል። የሱስ ክፍሉ ድባቴ እንዳለበት አይቶ ወደ ሥነ አእምሮ ይመራዋል። እዚያ ደግሞ «ዕፁን ሳያቆሙ ሕመምዎን መለየት ያስቸግራል» ይሉታል። ቀጠሮዎቹ የተራራቁ ናቸው፤ ስልኩ ተዘግቷል፤ ሁለት ቀጠሮ ሲያልፈው ስሙ ይሰረዛል። ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው በር የድንገተኛ ክፍሉን ብቻ ነው። ክፉ የሠራበት የለም፤ ሁሉም የሥራ ድርሻውን ጠብቋል። ሰውየው ግን በክፍሎቹ መካከል ጠፋ።

የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የጤና አገልግሎት 9 ሚሊዮን ገደማ ተመዝጋቢዎች አሉት። ከ2010 ጀምሮ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምናውን በቡድን አደራጅቷል፤ ሐኪም፣ የክትትል ነርስ፣ ረዳት ነርስና የቀጠሮ ሠራተኛ ሆነው ወደ 1,200 ለሚጠጉ ታካሚዎች አብረው ይጠየቃሉ። አደረጃጀቱ ለስኳርና ለደም ግፊት ሕመምተኛ ጥሩ ነው። መኪና ውስጥ ለሚያድረው ሰው ግን 1,200 ሰው የሚጋራው ቡድን ሩቅ ነው። ሶልት ሌክ ሲቲዎች ይህንኑ ቡድን ለከፋ ችግር እንዲሆን አድርገው አሰፉት። የሱስ ሕክምና የሚያውቁ ሐኪሞች፣ ክሊኒካል ፋርማሲስትና ሶሻል ወርከር ተጨመሩበት፤ የሱሱም ሕክምና ወደዚያው ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሕክምናው ገባ።

ይህ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ የሚታየው ቡፕረኖርፊን በሚጀመርበት ቀን ነው። ቡፕረኖርፊን ከምላስ ሥር ተቀምጦ የሚሟሟ መድኃኒት ነው። አንጎል ውስጥ ሄሮይን የሚያርፍበትን ቦታ አጥብቆ ይይዛል፤ የሚሰጠው ስሜት ግን ከፊል ነው፤ መጠኑ ቢጨመርም ትንፋሽን የማዳከም አደጋው እንደ ሄሮይን እየናረ አይሄድም። ነገር ግን ሄሮይኑ ከሰውነት ሳይወጣ ከተወሰደ ቦታውን ነጥቆ በሽተኛውን በአንድ ጊዜ ከባድ ሕመም ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ የመቋረጥ ሕመሙ በራሱ እስኪጀምር ይጠበቃል፤ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ይወስዳል። ነርሷ 11 ምልክቶች እያየች ነጥብ ትይዛለች፦ የልብ ምት፣ ላብ፣ የዓይን ብሌን ስፋት፣ ማዛጋት፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የቆዳ ፀጉር መቆም፣ የአጥንት ቁርጥማት፣ የሆድ መረበሽ፣ ጭንቀት፣ ዕረፍት ማጣት። ድምሩ በቂ ሲሆን የመጀመሪያው መድኃኒት ይሰጣል፤ ቁጭ ብሎ ይጠበቃል፤ እንደገና ይታያል።

የግማሽ ሰዓት ቀጠሮ ያለው ብቸኛ ሐኪም ይህን ማድረግ አይችልም። ቡድን ግን ይችላል። ሰውየው እስኪሻለው በተቀመጠበት ሶሻል ወርከሯ የቤት ኪራይ ድጎማ ማመልከቻውን ትሞላለች፤ ፋርማሲስቱ ትንፋሽ የሚያዳክም ሌላ መድኃኒት እንዳይኖርበት ያጣራል፤ ለሄፓታይተሱ ደም ይወሰዳል። ይህ በሽታ ዛሬ በ8 ወይም በ12 ሳምንት እንክብል ይድናል። ሲወጣም ዕፁ ከመጠን በላይ ሲወሰድ የተዳከመውን ትንፋሽ የሚመልስ፣ በአፍንጫ የሚረጭ ናሎክሶን ይዞ ይሄዳል፤ የቀድሞ ወታደሮች የጤና አገልግሎቱ ይህን ነፍስ አድን መድኃኒት ለታካሚዎቹ ማደል የጀመረው በ2014 ነው።

የቤት ማመልከቻ ከሕክምና ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ካለ የቬትናምን ታሪክ ይመልከት። በ1971 የአሜሪካ መንግሥት ከቬትናም የሚመለስ ወታደር ሽንቱ ሳይመረመር አውሮፕላን እንዳይሳፈር አዘዘ፤ ሄሮይን በሠራዊቱ ውስጥ ተስፋፍቶ ነበርና። ተመራማሪዋ ሊ ሮቢንስ ተመላሾቹን ተከታትላ ስታጠና፣ ከተራ ወታደሮቹ ከአምስቱ አንዱ ገደማ እዚያ ሳለ ሱስ ይዞት እንደነበረ አገኘች። ከእነዚህ መካከል አገራቸው ከገቡ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ የተመለሱት ግን 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ዕፁ በርካሽ የሚገኝበትን፣ ጓደኛ ሁሉ የሚወስድበትን ምድር ትተው ወደ ቤተሰብና ወደ ሥራ ተመልሰዋል። መኪና ውስጥ የሚያድረው ሰው ግን ከዚያ ምድር አልወጣም፤ በየማታው የሚያድረው ዕፁ ባለበት ሰፈር ነው። እኔ የቤት ቁልፉን ከመድኃኒቱ ለይቼ አላየውም።

ስለ መድኃኒቱም «ዕፅን በዕፅ መተካት ነው» የሚለው ነቀፋ በየቦታው ይሰማል። ይህን የሚሉ ሰዎች አንድ ነገር እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ ሰውየው ቡፕረኖርፊን ወይም ለዚሁ ሱስ የሚሰጠውን ሜታዶን እየወሰደ ባለበት ጊዜ የመሞት ዕድሉ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ሲያቋርጥ አደጋው ይመለሳል። በሕይወት ያለ ሰው ነገ ሌላ ውሳኔ ሊወስን ይችላል።

ሁሉም ችግር ግን መድኃኒት የተገኘለት አይደለም። ለሜታምፌታሚን ሱስ እስካሁን የተፈቀደ መድኃኒት የለም። የጤና አገልግሎቱ ከ2011 ጀምሮ የሚጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው፤ የሽንት ምርመራው ንጹሕ የሆነለት ታካሚ ከሳህን ውስጥ ዕጣ ያወጣል። ከዕጣዎቹ ግማሽ ያህሉ ማበረታቻ ቃል ብቻ የተጻፈባቸው ናቸው፤ ሌሎቹ ትንሽ ሽልማት ያስገኛሉ። ለጎልማሳ ሰው የማይመጥን ይመስላል፤ ለዚህ ሱስ ግን ውጤታቸው በጥናት ከተረጋገጠ ዘዴዎች አንዱ ነው። ከሱስ ያገገሙ የቀድሞ ወታደሮችም በደመወዝ ተቀጥረው ታካሚዎችን ይደግፋሉ። ሐኪም ሊለው የማይችለውን «እኔም እዚያ ነበርኩ» የሚሉት እነሱ ናቸው።

በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም በዚህ አገልግሎት የመጠቀም መብት አላቸው፤ መብቱ በአገልግሎት ዘመናቸውና በስንብታቸው ዓይነት ይወሰናል። ስንብቱ ያልተከበረ የሚባል ቢሆንም ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ማመልከት ይቻላል። እኛ ዘንድ ሱስ የቤተሰብ ገመና ሆኖ ስለሚደበቅ ይህን ቤተሰብም ቢያውቀው ጥሩ ነው።

የዚህ ክሊኒክ ዓይነት አሠራር ዋጋ አለው። ሐኪሙ የሚይዘው ታካሚ ጥቂት ስለሆነ፣ በቀን ስንት ሰው ታየ ብሎ ብቻ የሚቆጥር አለቃ ሥራ የፈታ ቡድን ያየ ይመስለዋል። ሌላው ጥያቄ የተሻለው ሰው ወዴት ይሂድ የሚለው ነው። ቤት ካገኘ፣ ለዓመት በመድኃኒቱ ከጸና፣ ቦታውን ለሌላ መልቀቅ አለበት፤ እሱ ግን ያመነውን ቡድን ትቶ መሄድ ይከብደዋል። ቀድሞ ቢሄድም ተቀባዩ ሐኪም ቡፕረኖርፊን ለማዘዝ የ8 ሰዓት ሥልጠናና ልዩ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ ፈቃዱን ቢያገኝም በመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው ከ30 በላይ ታካሚ መያዝ አይችልም ነበር። በታኅሣሥ 2022 የወጣው ሕግ ልዩ ፈቃዱንም ገደቡንም አንሥቷል። አሁን ማንኛውም የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪም ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች የማዘዝ መደበኛ ፈቃድ ካለው ማዘዣውን መጻፍ ይችላል።