ስለ ዙሪያና ስለ ስፋት

አስተማሪ ለሕፃናት ሒሳብ ሲጀምር ብዙ ጊዜ በሰሌዳ ላይ ክብ፣ ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን ይሥላል፤ ልጆቹም ስሙን ተቀብለው ይደግማሉ። ስሙን ማወቅ ግን ነገሩን ማወቅ አይደለም። የመራዊ ልጅ ተማሪ ቤት ሳይገባ ቅርጾቹን ኹሉ በዓይኑ አይቷቸዋል። እናቱ የምትጋግርበት ምጣድ ክብ ነው፤ በሬዎች እየዞሩ እህል የሚያበራዩበት አውድማ ክብ ነው፤ በዚያ አገር ያለው ቤተ ክርስቲያንም ብዙውን ጊዜ በውጭ ክብ ሲሆን በውስጥ ያለው መቅደስ አራት ማዕዘን ነው።

ስለዚህ አዋቂ አስተማሪ ከሰሌዳው ይልቅ ከሜዳው ይጀምራል። ቤት ሠሪ ጎጆ ሲተልም በመካከል ችካል ተክሎ ገመድ ያስርበታል፤ የገመዱን ጫፍ ይዞ መሬቱን እየጫረ ይዞራል። ይህን በእጁ የሠራ ልጅ፣ ክብ ማለት ከመካከሉ እስከ ዳሩ በየት በኩል ቢለካ እኩል የሆነ እንደ ሆነ ሌላ አስረጂ አያስፈልገውም። ደግሞ ሦስት በትር ጫፍ ለጫፍ አስሮ ቢገፋ ቅርጹ አይለወጥም፤ አራት በትር አስሮ ቢገፋ ግን ይጋደማል። በሰያፍ አምስተኛ በትር ሲታሰርበት ይጸናል፤ አናጢ በበር ላይ ሰያፍ እንጨት የሚመታው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ኹሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን የዙሪያና የስፋት ልዩነት ነው፤ ትልልቆች ሰዎች እንኳ ይሳሳቱበታል። አስተማሪው 40 ክንድ ገመድ ጫፍና ጫፉን ቋጥሮ ለአራት ልጆች ያስይዝ። 10 በ10 ክንድ አድርገው ቢዘረጉት በውስጡ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ 100 ካሬ ይገባል። ያንኑ ገመድ 15 በ5 ቢያደርጉት 75 ይገባል፤ 18 በ2 ቢያደርጉት 36 ብቻ። ገመዱ አልተቆረጠም፤ ዙሪያው ያው 40 ክንድ ነው፤ መሬቱ ግን ከመጀመሪያው ሲሶ ያህል ብቻ ቀረ። ብዙ ልጆች ሆነው ገመዱን ክብ አድርገው ቢወጥሩት ወደ 127 ይይዛል፤ በዚያ ገመድ ከዚህ የበለጠ የሚይዝ ቅርጽ አይገኝም። ክብ ጎተራም በጥቂት ጭቃ ብዙ እህል መያዙ ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ ሁለት ወንድማማች ያባታቸውን መሬት ሲካፈሉ ለታላቁ 10 በ10፣ ለታናሹ በወንዝ ዳር 18 በ2 ቢሰጥ፣ ሽማግሌውም ገመዱን በሁለቱ ዙሪያ አዙሮ «እኩል ነው» ቢል፣ በገመዱ ሐሰት የለበትም፤ ታናሹ ግን ተበድሏል። እንዴት እንደ ተበደለ ማስረዳት ካልቻለ ነገሩ ወደ ዱላ ይሄዳል።

የዚህ ትምህርት መነሻም መሬት ማካፈል እንደ ነበረ ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ጽፏል። እንደ እርሱ አነጋገር፣ የግብጽ ንጉሥ ለሰው ኹሉ እኩል አራት ማዕዘን መሬት አካፍሎ ግብር ጣለ፤ ወንዙ ከአንዱ ሰው መሬት ቆርሶ የወሰደ እንደ ሆነ መርማሪዎች መጥተው የጎደለውን ይለካሉ፤ ግብሩም በዚያው ልክ ይቀነስለታል። ግሪኮች ጥበቡን ጂኦሜትሪ አሉት፤ ትርጓሜውም የምድር መለካት ነው። ይህን ሲሰማ የመራዊ ልጅ ፈገግ ሊል ይችላል፤ ያን መሬት ይቆርስ የነበረው የክረምት ሙላት አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ነበርና። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ተሠርቶ ካለቀ ወዲህ ግን ሙላቱ በግብጽ ቀርቷል።

በጎጃም መለካት ለብዙ ዘመን የሚወደድ ነገር አልነበረም። በ1960 ዓ. ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ ገበሬው ያመፀው ግብሩን ጠልቶ ብቻ ሳይሆን፣ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይወሰድበት ፈርቶም ነበር። ገመዱን የሚይዘውም ሒሳቡን የሚያውቀውም ሌላ ሰው ሲሆን ባለ መሬቱ መፍራቱ አያስደንቅም። ዛሬ በአማራ ክልል ለገበሬ የመሬት ይዞታ ደብተር ይሰጠዋል፤ የማሳው ስፋትም ይጻፍበታል። አንድ ሄክታር 100 ሜትር በ100 ሜትር ነው። አባት ጥንድ በሬ በቀን በሚያርሰው፣ በጥማድ፣ ቆጥሮ የሚያውቀውን ማሳ፣ ልጁ በሜትር ለክቶ ከደብተሩ ጋር ሊያስተያይ ይችላል።

ማሳ ግን እንደ ሰሌዳ ሥዕል ቀጥ ያለ አይደለም፤ እዚህ ይጠብባል፣ እዚያ ይሰፋል። ስለዚህ በየማዕዘኑ ችካል ይተከልና ማሳው በሦስት ማዕዘኖች ይከፈላል። የእያንዳንዱ መሠረት በቁመቱ ተባዝቶ ለሁለት ይካፈላል፤ የኹሉም ይደመራል። አንድ ልጅ እንዲህ ለክቶ ቍጥሩን ይጽፋል፤ ሌላው ደግሞ የመጀመሪያውን ሳያይ በሌላ በኩል ከፍሎ ይለካል። ሁለቱ ቍጥሮች የማይስማሙ እንደ ሆነ ገመዳቸውን ይዘው ወደ ማሳው ይመለሳሉ።