የቆርቆሮ ጣራን ማስጠረግ ትርፍ አለውን?

በአዲስ አበባ ከተማ ቤት ወይም ሱቅ ያለው ሰው ክረምት ሲቃረብ የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ጣራን በየዓመቱ ለማስጠረግ የሚወጣው ገንዘብ ይጠቅማልን ወይስ ከንቱ ወጪ ነው የሚል ነው።

የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ከባድ ዕቃ ከወደብ ማምጣት ስለ ቀለለ፥ የሣር ክዳን ስፍራውን ለቆርቆሮ እየለቀቀ ሄደ። በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል፤ በአራዳ ክፍል ለቀሩት ግን ጥያቄው እንደ ጸና ነው።

ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው በብረቱ ላይ የተለበጠው ስስ ዚንክ ነው። ዝናብ ወርዶ ጣራው ወዲያው ሲደርቅ ዚንኩ ብዙ ዘመን ይቆያል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልና አቧራ ተከማችተው እርጥበት ሲይዙበት ግን ቶሎ ያልቃል፤ ከዚያም ብረቱ ይዝጋል። ቅጠሉ አሸንዳውን ሲደፍነው ደግሞ ውሃው ሞልቶ ወደ ግድግዳውና ወደ ኮርኒሱ ይገባል። በከተማው በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ስለሚዘንብ፥ 100 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጣራ 120,000 ሊትር ያህል ውሃ ይቀበላል ማለት ነው፤ አብዛኛውም የሚወርደው በክረምት ወራት ነው።

ለማስጠረግ የሚከፈለው የአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ ነው። ጨርቅ፥ ስኳር ወይም ሲሚንቶ ያከማቸ ነጋዴ ግን ጣራው ቢያፈስ በአንድ ሌሊት የሚያጣው ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ ጽዳት ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለም። ጣራው እንዲያብረቀርቅ በሽቦ ብሩሽ ወይም በአሸዋ መፈግፈግ ዚንኩን ራሱን ይልጠዋል፤ ይህም ገንዘብ ከፍሎ ዝገትን መግዛት ነው። ዝገት በልቶ የበሳውም ቆርቆሮ መለወጥ እንጂ መጠረግ አያድነውም።

ስለዚህ በግንቦት መጨረሻ ጣራውንና አሸንዳውን በለስላሳ መጥረጊያ ማስጠረግ፥ የላላውንም ሚስማር ማስጠበቅ ይበቃል፤ በክረምቱ መካከል ፀሐይ በወጣ ቀን አሸንዳውን እንደ ገና ማየት መልካም ነው። ሠራተኛው ጣራው ደረቅ ሲሆን ብቻ ይውጣ፤ የሚረግጠውም ከበታቹ እንጨት ያለበትን የሚስማሩን መሥመር ይሁን። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ምክር ለጣራም ይሠራል።