«ምች ነው» እየተባለ የሚታለፍ ሳል

በእኛ አካባቢ ሰው ሲያስለው ምን ይባላል? «ብርድ ነው»፣ «ምች መታው» ይባላል። ዳማከሴ ይታሻል፣ ተሸፋፍኖ ይተኛል። ለሁለት ሦስት ቀን ጉንፋን ይህ ምንም አይደለም። ችግሩ የሚመጣው የሚያስለው ሰው ደም ውስጥ ኤች አይ ቪ ሲኖር ነው።

ቫይረሱ ሲዲ 4 የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ሲቀንስ ሌሎች ጀርሞች በር ያገኛሉ፤ ሳንባ ደግሞ ቀድሞ ይጠቃል። ኤድስ መጀመሪያ የታወቀውም በሳንባ በኩል ነው። በግንቦት 1973 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1981) አሜሪካ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አምስት ወጣቶች ጤነኛ ሰው የማይዘው ዓይነት የሳንባ ምች እንደያዛቸው ተዘገበ። ዛሬ ይህን የሳንባ ምች ኮትሪሞክሳዞል በሚባል እንክብል መከላከል ይቻላል።

በአገራችን ግን ዋናው ሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ነው። ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ የሚሆነው ጀርሙ ገብቶበታል ተብሎ ይገመታል። ኤች አይ ቪ የሌለበት ሰው ጀርሙ ቢገባበት በዕድሜው ሙሉ የመታመም ዕድሉ ከመቶ ከ5 እስከ 10 ነው። ኤች አይ ቪ ኖሮበት መድኃኒት ያልጀመረ ሰው ግን በየዓመቱ ወደ 10 ከመቶ ይጠጋል።

ቲቢ በአየር ነው የሚተላለፈው። ከገጠር መጥታችሁ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ ክፍላችሁን ታውቁታላችሁ። ሦስት አራት ልጅ፣ አንድ መስኮት፣ እሱም በካርቶን የተደፈነ! ሚኒባስ ላይም መስኮት የከፈተ ሰው «ብርድ አስመታኸን» ተብሎ ይጮህበታል። (እኔን ከጠየቃችሁኝ ከብርዱ ይልቅ የታፈነው አየር ነው የሚያስፈራው።) ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ የሚወርዱ ወንድሞቻችንም በአንድ ዳስ ተጠጋግተው ያድራሉ።

አቅሙ በተዳከመ ሰው ላይ ቲቢ ይደበቃል። ሳንባን የሚቦረቡረው በአብዛኛው ሰውነት ጀርሙን ሲታገል ነውና፣ መታገል ያልቻለ ሰው ደም ላይተፋ፣ አክታውም በማይክሮስኮፕ ታይቶ «ነጻ ነው» ሊባል ይችላል። ስለዚህ ለማንኛውም ሰው ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል ምርመራ ይፈልጋል፤ ኤች አይ ቪ ላለበት ግን ሁለት ሳምንት መጠበቅ የለም። የትናንት ሳልም ቢሆን፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስም አንዱ ብቻ ይበቃል።

ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ነው፤ ሁለት ወር በአራት መድኃኒት፣ አራት ወር በሁለት። በሁለተኛው ወር ሳሉ ጠፍቶ ኪሎ ሲጨምር «ድኛለሁ» ብሎ የሚያቋርጥ ብዙ ነው፤ ጀርሙ መድኃኒቱን የሚለምደው ያኔ ነው። ቲቢ ያልያዘው ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ደግሞ መከላከያ መድኃኒት ይሰጠዋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ነው። ጠበል የሚጠመቅም እንክብሉን መተው የለበትም፤ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ ተናግረው ነበር።

ብዙዎች ሳላቸውን የሚደብቁት «ያ በሽታ ነው» እንዳይባሉ ፈርተው ነው። ቲቢ ከያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ግን ኤች አይ ቪ የለባቸውም። የክፍል ተጋሪያችሁ ሲያስለው መስኮቱን ክፈቱ፣ አፉን በነጠላ እንዲሸፍን ንገሩት፣ ጤና ጣቢያ ድረስም አብራችሁት ሂዱ። ገጠር ከሆናችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አማክሩ። ተገቢውን መድኃኒት በአግባቡ ከወሰደ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በአብዛኛው ወደ ሌላ አያስተላልፍም፤ «ክፍሉን ልቀቅ» የሚባልበት ምክንያትም የለም።