የበዳይ ጡረታና የተበዳይ ካሣ

በቀበሌም ሆነ በሠራተኛ ማኅበር ስብሰባ ስለ ጡረታ ሲነሳ አበሉ እንዳይነካ የማይሟገት ሠርቶ አደር የለም። ትክክል ነው። ነገር ግን ባለጡረታው ወንጀል ፈጽሞ ካሣ የተፈረደበት እንደሆነስ?

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚያመራው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘውን ጎብዬን እንመልከት። በዚህ በራያ ቆላ የማሽላ ገበሬ በሰው እጅ ሲሞት የአገር ሽማግሌዎች በዘወልድ ሥርዓት ተቀምጠው ደም ያደርቃሉ፤ ካሣም ይቆርጣሉ። ገዳይ ብቻውን ባይችል ወገኑ ያዋጣል። ያልበደለ ዘመድ የበዳይን ዕዳ መሸከሙ ቅር ቢያሰኘንም፣ ሥርዓቱ የሟች ቤት በምን ይተዳደራል የሚለውን ጥያቄ አልዘነጋም።

የተጻፈው ሕግስ? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 101 ተበዳዩ ካሣ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ችግሩ የሚጀምረው በአፈጻጸሙ ላይ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 404 ከባለዕዳው ደመወዝ ሁለት ሦስተኛውን ከመያዝ ሲጠብቅ፣ ጡረታን ግን በሙሉ ጠበቀ። ስለዚህ ደመወዙ እስከ ሲሶው ሊያዝ ይችል የነበረው በዳይ፣ ጡረታ በወጣ ማግሥት ይህ ግዴታ ይቀርለታል። አዋጅ ቁጥር 714/2003ም ጡረታ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚያዝባቸውን ምክንያቶች ሲለይ የመንግሥት መቀጮን፣ ግብርንና ቀለብን ጠቀሰ፤ የተበዳይን ካሣ አልጠቀሰም። መቀጮውን ግምጃ ቤት ሲሰበስብ የሟች ልጆች ቆመው ያያሉ!

ጡረታ የላብ ዋጋ ነው። አራጣ አበዳሪ እጁን እንዲያስገባበት ማንም አይሻም፤ እኛም አንሻም። ይሁንና ተበዳይና አራጣ አበዳሪ በአንድ ዓይን መታየት አለባቸውን? በ714 ስሌት ባለጡረታው ሲሞት ለሚስቱ የአበሉ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጁ 20 በመቶ ይታሰብ ነበር። የጎብዬው ገበሬ ግን ደመወዝተኛ ባለመሆኑ ከጡረታ ውጭ ነው። እርሱ ሲገደል ለሚስቱ የሚተርፋት አራሽ ያጣ ማሳ ነው።

ስለዚህ ለደመወዝ የተሰመረው የሲሶ ልክ ለጡረታም ይዋል እንላለን፤ ለተራ ብድር ሳይሆን በወንጀል ለተፈረደ ካሣ ብቻ። የበዳዩ ልጆችም እንዳይራቡ ቀለብ ይቅደም። አበሉ እጅግ አነስተኛ ለሆነ አረጋዊ ሲሶውም ይከብዳልና ዳኛው ዝቅ ሊያደርገው ይገባል። መቀጮና ካሣ በአንድ አበል ላይ ሲገናኙ ግን ግምጃ ቤቱ ተራውን ይጠብቅ።