ወፍጮ ሲቆም አረም ይበዛል

አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወደ ገጠር ቀበሌ ሲመደብ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ማሳውና ስለ ዘሩ ነው። እኛም በ2012 ዓ.ም. ክረምት በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ በአንዲት አነስተኛ ቀበሌ የጤፍ አረም ቁጥጥር ለማሳየት በወጣን ጊዜ ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ስለ ወፍጮው የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም።

ጤፍ ገና በችግኝነቱ ከአረም ጋር መሻማት የማይችል ሰብል እንደ መሆኑ ከተዘራ ከ25 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ በእጅ ሊታረም ይገባል። በሐምሌ የተዘራው በነሐሴ ይደርሳል ማለት ነው። ይህን ሥራ አንድ ቤተሰብ ለብቻው አይወጣውም፤ ወንፈል ይገባል፣ አለዚያም ደቦ ይጠራል።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ በቀጠርነው ቀን ማሳው ላይ የተገኙት ባለቤቱ አዛውንት፣ ልጆቻቸውና ሁለት ጎረቤቶች ብቻ ነበሩ። «ልጆቼ፣ ምን አብልቼ ሰው ልጥራ? ዱቄት የለም» አሉን። የቀበሌው የናፍጣ ወፍጮ ቀበቶው ተበጥሶ ቆሞ ኖሯል። ሴቶቹ እህል በአህያ ጭነው በጭቃ መንገድ እስከ አረርቲ ከተማ ይሄዳሉ፤ እዚያም ወረፋ ይጠብቃሉ። ሄደው የሚመለሱት እነዚሁ ሴቶች ደግሞ በአረም ሥራ ዋነኞቹ ናቸው።

ደቦ እንጀራና ጠላ ይፈልጋል፤ ጠላውም የተፈጨ ብቅልና ብዙ ውኃ ይጠይቃል። ስለሆነም የወፍጮውና የውኃው ርቀት ከማሳው ሥራ ተለይቶ ሊታይ አይችልም። ማዳበሪያው በጊዜው ደርሶ ነበር፤ በዚያ ማሳ ግን በይበልጥ የጠቀመው ሙጃውን ነው።

ስለ ውኃ ካነሳን፣ የምንጃር ገበሬ ፕላስቲክ ባነጠፈበት ኩሬ የክረምት ጎርፍ አቁሮ የሽንኩርት ችግኝ ማፍላቱ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ይህ ውኃ ለመጠጥ አይሆንም። ዙሪያው ካልታጠረም ለሕፃናትና ለከብት አደገኛ ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሥራ አመራር ኮሚቴዎች የግብዓት ጥያቄ ሲያሰባስቡ የወፍጮውን መለዋወጫ አብረው እንዲይዙ እናሳስባለን። አንድ ትርፍ ቀበቶና የናፍጣ ማጣሪያ በመጋዘን ቢቀመጥ ከብዙ ስብሰባ ይሻላል። ድንጋዩም የሚወቀረው ከዘር በፊት በሰኔ መጀመሪያ እንጂ ሰው ሁሉ ማሳ ላይ በሚፈለግበት ሰሞን መሆን የለበትም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም የአረም ቀን ከመቁረጡ አስቀድሞ እናቶችን ያነጋግር፤ ዱቄት በየቤቱ ለስንት ቀን እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የጎማ ቀበቶ ቁጥሩ ጀርባው ላይ ታትሞ ይገኛል። ሲያረጅ ስለሚጠፋ ገና አዲስ ሳለ በማኅበሩ መዝገብ ላይ ይገልበጥ።