ቡናው ሳይነቀል የሚሠራ የጃፓን ግቢ

የጃፓን የአትክልት ስፍራ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ቀይ ድልድይ፣ የድንጋይ ፋኖስና የቼሪ አበባ ነው። ነቀምት ወይም ጊምቢ ላይ ግቢውን በዚያ መልክ አሰናድቶ በሩን ለሕዝብ ሊከፍት የሚያስብ ሰው ቢኖር ግን፣ ከጃፓን መውሰድ ያለበት ዕቃውን ሳይሆን አሠራሩን ነው ባይ ነኝ። ዕቃው ውድ ነው፤ አሠራሩ ግን ከወለጋ መሬት፣ ዛፍና ዝናብ ጋር ይስማማል።

በጃፓኗ ኦካያማ ከተማ ያለውን ኮራኩኤን የተባለ የአትክልት ስፍራ እንመልከት። የአካባቢው ገዥ ኢኬዳ ጹናማሳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1687 አስጀምሮ በ1700 ያስጨረሰው የግል መዝናኛው ነበር፤ ለሕዝብ የተከፈተው በ1884 ነው። በውስጡ ከኩሬውና ከሣሩ ሌላ የሩዝ ማሳና የሻይ ተክል አለ። «ጎተራ ሳይሞላ መሬትን ለዓይን ማዋል ቅንጦት ነው» የሚል ሰው ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ኮራኩኤን ግን ማሳና ውበት በአንድ ግቢ መኖር እንደሚችሉ ያሳየዋል። የወለጋ ባለ ግቢም በዋንዛ ጥላ ሥር ያለውን ቡና መንቀል የለበትም። የበልግ ዝናብ ሲነካው በነጭ አበባ የሚሸፈን፣ መዓዛው ከአጥር ውጭ የሚያውድ ተክል በእጁ እያለ ቼሪ ፍለጋ ለምን ይደክማል? የሚጎድለው በተክሎቹ መካከል የሚጠማዘዝ መንገድ ነው፤ እርምጃን የሚያዘገይ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እስከ መታጠፊያው ድረስ የሚሰውር። ሌላው ጃፓኖች ሻኬይ የሚሉት ነው፤ ከአጥር ማዶ ያለውን ተራራ ተውሶ የግቢው አካል ማድረግ። ነቀምት በኮረብታ የተከበበች ከተማ ናት፤ እይታውን የሚከለክለው አብዛኛውን ጊዜ የቆርቆሮ አጥር ነው። ኮረብታው በሚታይበት በኩል ቆርቆሮው ወርዶ ዝቅ ብሎ የተከረከመ የቁጥቋጦ አጥር ቢተካ፣ ጠባቡ ግቢ ሰፊ ይመስላል።

ዝናቡም ያግዛል። በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት አገር የድንጋይ ሽበት በክረምት ያለ ተንከባካቢ ይወጣል፤ በበጋ ግን ይደርቃል። ለደረቁ ወራት የኪዮቶው ርዮአንጂ ቤተ መቅደስ መላ አለው፤ 15 ድንጋዮች በነጭ ጠጠር ላይ ተቀምጠው፣ ውኃ የማይጠይቅ ግቢ ሆነዋል።

ሕዝብ ከገባ ይረጋግጠዋል የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። በድንጋይ ሽበቱ የታወቀው የኪዮቶው ሳይሆጂ ቤተ መቅደስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 በሩን ለመንገደኛ ዘግቶ፣ አስቀድሞ ያመለከተን ብቻ ማስገባት የጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው። የግል ግቢ ባለቤት ቀንና ቁጥር መወሰን ይችላል፤ ይህን ማድረጉ ንፍገት ሊባል አይገባም።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የፀጥታ ችግር ጎብኚን ባራቀበት ጊዜ ለማን ይከፈታል የሚለው ነው። መልሴ፦ በመጀመሪያ ለከተማው ሰው። ፎቶ መነሻ ለሚፈልጉ ሙሽሮች፣ ዛፍን በስሙ መለየት ለሚማሩ ተማሪዎች፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጸጥ ያለ አግዳሚ ወንበር ለሚሹ አዛውንቶች። የግል ግቢ የከተማ ሲሆን ለነቀምት አዲስ ነገር አይደለም። በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት የአንድ ገዥ ቤተሰብ መኖሪያ ነበር፤ የከተማው ልጆች ግን የሚያውቁት ገብተው የሚጎበኙት ቅርስ አድርገው ነው።