የማርሚታ ነገር

ከመገናኛ ተነስቶ በጉርድ ሾላ፣ በሲኤምሲና በመሪ በኩል አያት የሚደርሰው መንገድ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው። ቀን ቀን ታክሲውና አውቶቡሱ ከቀላል ባቡሩ ሐዲድ ግራና ቀኝ ተጨናንቀው ይውላሉ። ሌሊት ግን መንገዱ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ጭስ ማውጫቸው የተነካካ መኪኖች ወደ ጣፎ አቅጣጫ ሲወነጨፉ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የተኛ ሕፃን ሳይቀር ይባንናል። ድምፁን የሰማ ሁሉ አንድ ኃይለኛ መኪና ያለፈ ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ ግን ያለፈችው የአንድ ሊትር ሞተር ያላት ቪትዝ ናት፤ የድምፅ ማፈኛዋ ማርሚታ ተቆርጦ በቦታው ቀጥ ያለ ቱቦ ተበይዶላታል።

ድምፁ መጨመሩ አያከራክርም። ጉልበቱ ጨመረ ወይ የሚለው ነው ጥያቄው፤ ለዚህ መልስ ለመስጠት ደግሞ ከቱቦው ሳይሆን ከሞተሩ መነሳት ይሻላል።

ባለ አራት ምት ሞተር አየርና ቤንዚን ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ በመጨረሻም የተቃጠለውን ያስወጣል። የማስወጫው ቫልቭ የሚከፈተው ፒስተኑ ወደ ታች ወርዶ ሳይጨርስ ነው። በዚያች ቅጽበት ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት የውጭውን አየር በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ጋዙ ቀስ ብሎ አይወጣም፣ ፈንድቶ ይወጣል። የሞተር ድምፅ የምንለው በአብዛኛው ይህ ተከታታይ ፍንዳታ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሴኮንድ 100 ፍንዳታ ወደ ቱቦው ይለቃል፤ ባለ ሦስት ሲሊንደር ከሆነ 75። የመጀመሪያዋ አንድ ሊትር ቪትዝ አራት ሲሊንደር ነበራት፣ ተከታይዋ ሦስት ነው ያላት፤ ቆመው ሲሠሩ ጠጋ ብሎ ያዳመጠ ሰው ልዩነቱን በጆሮው ያገኘዋል። የድሮዋን ቮልስ ሳናያት የምንለያትም ሞተሯ በነፋስ የሚቀዘቅዝ፣ ሲሊንደሮቿ ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ የተጋደሙ፣ ጭሷም በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች የሚወጣ ስለሆነ ነው።

ጋዙ ከሞተሩ ሲወጣ መጀመሪያ የሚቀበለው ማኒፎልዱ ነው፤ የየሲሊንደሩን ጭስ ሰብስቦ ወደ አንድ ቱቦ ያስገባዋል። ቀጥሎ መርዛማውን ጋዝ የሚያጣራው ካታላይዘር አለ። ከኋላ ደግሞ ድምፁን የሚያፍነው ማርሚታ። ሦስቱም በሞተሩ ጉልበት ላይ ድርሻ አላቸው፣ እኩል ግን አይደለም። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ሰው የማያየው ማኒፎልድ ነው፤ ሰው የሚቆርጠው ደግሞ ትንሹን ድርሻ የያዘውን ማርሚታ ነው።

ከበርሜል ቤንዚን በጎማ የቀዳ ሰው የማኒፎልዱን ነገር አይስተውም። አንዴ በአፍ ሳብ ተደርጎ ፈሳሹ መውረድ ከጀመረ የፊተኛው የኋለኛውን እየጎተተ ይወርዳል። ቱቦ ውስጥ እየፈጠነ የሚሄድ ጭስም እንዲሁ ከኋላው ባዶነት ትቶ ያልፋል፤ ያ ባዶነት ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን ጭስ ይጎትተዋል፣ ለአዲሱ አየርም ቦታ ያስለቅቃል። በዚህ ላይ የግፊት ሞገድ አለ። ሞገዱ በትኩሱ ጋዝ ውስጥ በሴኮንድ 500 ሜትርና ከዚያም በላይ ይጓዛል። ቱቦው ድንገት የሚሰፋበት ቦታ ሲደርስ ከፊሉ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገሰግሳል፤ ሲመለስ ግን የሚገፋ መሆኑ ቀርቶ የሚስብ ሞገድ ይሆናል። የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቭ አብረው ለአፍታ ክፍት በሚሆኑባት ቅጽበት ከደረሰ ሞተሩ ከወትሮው የበለጠ አየር ያገኛል። ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከደረሰ ጥቅሙ ይቀራል፣ አንዳንዴም ጉዳት ይሆናል። የቱቦው ርዝመት ለአንድ የተወሰነ የሞተር ፍጥነት የሚስማማው በዚህ የተነሳ ነው። የውድድር መኪና መሐንዲሶች በሴንቲሜትር የሚጨቃጨቁት በከንቱ አይደለም።

ወፍራም ቱቦ ማስገባት አንዳንዱን መኪና ሰነፍ የሚያደርገው ከዚሁ የተነሳ ነው። ቱቦው ሲሰፋ ጋዙ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ መጎተቱም ይደክማል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ሲዞር ስፋቱ ሊጠቅመው ይችላል። ነገር ግን ከመሪ እስከ መገናኛ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ የሚሄድ መኪና 6,000 የት ያገኛል? የሚያስፈልገው ከታች፣ በ1,500 እና በ2,500 መካከል ያለው ጉልበት ነው፤ ወፍራሙ ቱቦ የሚቀንሰውም እሱኑ ነው። መካኒኮች መሃል ሞተር የጭስ ተቃውሞ ይፈልጋል የሚል አባባል አለ። እኔ አልስማማም። ሞተር የሚፈልገው የጋዙን ፍጥነት ነው፤ ተቃውሞው ለፍጥነቱ የሚከፈል ዋጋ ነው እንጂ በራሱ ጥቅም የለውም።

የተዘጋ ጭስ ማውጫ ሞተርን ምን ያህል እንደሚይዝ ማየት የሚፈልግ ደግሞ የጭነት አይሱዙ ሹፌርን ይጠይቅ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ በእግር ፍሬን ብቻ አይተማመንም። በጭስ ማውጫው ላይ ያለውን መዝጊያ በማብሪያ ማጥፊያ ይዘጋዋል፤ ጭሱ መውጫ ሲያጣ ፒስተኖቹ የታመቀ ጋዝ እየገፉ ይታገላሉ፣ ጭነት የያዘው መኪናም በሞተሩ ተይዞ ይወርዳል። በቁልቁለቱ የሚሰማው የታፈነ ጉርምርምታ የዚያ ትግል ድምፅ ነው።

አያት ላይ ስለ ጉልበት ሲወራ ግን ከማርሚታ በፊት መነሳት ያለበት አየሩ ነው። ሰፈራችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጧል። እዚህ አንድ ሊትር አየር የሚይዘው ኦክስጅን ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ገና ሲነሳ ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋውን አጥቷል። ፋብሪካው 70 የፈረስ ጉልበት አላት ያላት ቪትዝ እዚህ 54 ገደማ ይዛ ነው የምትነሳው። በእንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ላይ ማርሚታ ብቻ በመቀየር የሚገኘው ጭማሪ፣ ከተገኘም፣ አንድ ወይም ሁለት የፈረስ ጉልበት ነው። ከፍታው የወሰደውን 16 ማንም በያጅ አይመልሰውም። የሚመልሰው ቱርቦ ነው፤ አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ የከፍታውን ጉድለት በከፊል ይሞላዋል። የቱርቦ መኪና ላይ ከቱርቦው በኋላ ያለውን ቱቦ ማስፋት ትርጉም ያለው ለውጥ የሚያመጣውም፣ ተርባይኑን የሚያዞረው በፊትና በኋላው ያለው የግፊት ልዩነት ስለሆነ ነው።

የድምፅ ማፈኛ ታሪክ ከመኪና እኩል ያረጀ ነው። ማርሻል እና ሚልተን ሪቭስ የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1897 ለሞተር ማፈኛ ፓተንት አወጡ። የማክሲም መትረየስ ፈልሳፊ ልጅ ሂራም ፐርሲ ማክሲም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1909 የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ፓተንት ያዘ፤ ድርጅቱም በኋላ ለሞተር ማፈኛ ወደ መሥራት ዞረ። አባት ያስጮኸውን ልጅ ያፈነበት መንገድ ያው የማርሚታው ነው፦ የተቆጣውን ጋዝ ክፍል ለክፍል እያዞሩ ማብረድ።

አያት አደባባይን አልፎ ባለ አንድ ጋራዥ አሮጌ ማርሚታ በግራይንደር ለሁለት ሲሰነጠቅ ቆሜ አይቻለሁ። ውስጡ በላሜራ ግድግዳ ሦስት ቦታ ተከፍሏል። በግድግዳዎቹ መካከል በደቃቅ ቀዳዳ የተበሳሱ ቱቦዎች ያልፋሉ፤ የገባው ቱቦ ጫፍ ከሚወጣው ጋር አይገጥምም። ጋዙ እስከ መጨረሻው ግድግዳ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ በሌላ ቱቦ ዞሮ ነው የሚወጣው። በዚያ ምልልስ ውስጥ የሚሄደውና የሚመለሰው ሞገድ እየተገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። አንደኛው ክፍል መውጫ የለውም፤ የተሠራው ለአንድ የድምፅ ቅጥነት ብቻ ነው፣ ያቺን ጆሮ የምታደነቁር ጉምታ ለመዋጥ። የቆርቆሮው ሥራ ተራ ይመስላል እንጂ ልኩ የተወሰነው ለዚያ ሞተር ተብሎ ነው።

ከሥሩ እርጥብ የዝገት ዱቄት ተከማችቶ ነበር። ማርሚታን የሚበላው ሙቀት የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፤ የሚበላው ውሃ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚሆን ውሃ ይወልዳል። ሞተሩ በደንብ ከጋለ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ልጆች ትምህርት ቤት አድርሶ ወዲያው በሚመለስ መኪና ላይ ግን ቱቦው ሳይግል ሞተሩ ይጠፋል፣ ውሃውም እዚያው ይተኛል። በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ጠዋት ከጭስ ማውጫው ጠብ ጠብ ሲል ያየ ወጣት ደንግጦ "ጋሼ፣ ሞተሩ ውሃ ገባበት መሰለኝ" እያለ ጋራዥ ይመጣል። ጠብታው ሞተሩ ሲሞቅ ከቆመ የሚያሳስብ ነገር የለውም። የሚያሳስበው ሞተሩ ከጋለ በኋላም ነጭ ጭስ ሳያቋርጥ ሲወጣና የራዲያተሩ ውሃ ሲጎድል ነው፤ ያኔ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ መታየት አለበት።

ሌላም የማርሚታ ዓይነት አለ። ቀጥ ብሎ የሚያልፍ የተበሳሳ ቱቦ ዙሪያውን በመስታወት ቃጫ ወይም በብረት ሱፍ ይጠቀለላል፤ ጋዙ ሳይዞር ያልፋል፣ ሱፉ ቀጭኑንና የሚጮኸውን ድምፅ ይውጣል፣ ወፍራሙ ይቀራል። በሥርዓት የተሠራ ከሆነ ያማረ ድምፅ አለው፣ ይህን አልክድም። ውስጡ ምንም የሌለው ባዶ ቱቦ ግን ቅጥ የለውም፤ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ራሱ ራስ ምታት ይዞት ይወርዳል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ካታላይዘሩን ማውጣት ነው። ይህ ዕቃ በፕላቲነም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም የተለበጠ ወንፊት የመሰለ ሸክላ ይዟል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱን፣ ያልተቃጠለውን ነዳጅና የናይትሮጅን ኦክሳይዱን በሙቀቱ ወደማይጎዳ ወይም ብዙም ወደማይጎዳ ጋዝ ይለውጣል። የከበረ ብረት ስላለበት ገዢ አያጣም። ያወጣው ሰው ገንዘብ አገኘሁ ይላል። በማግስቱ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ይበራል፣ ምክንያቱም ከካታላይዘሩ በኋላ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ጭሱ እንዳልተጣራ አውቋል። አየሩን የሚተነፍሰው ደግሞ ከኋላው በታክሲ ሰልፍ የቆመው ሕዝብ ነው። ካታላይዘሩ ተደፍኖ ሞተሩን ካነቀው መቀየር ተገቢ ነው፤ ጤነኛውን ካታላይዘር ጉልበት ለማግኘት ብሎ ማውጣት ግን በአንድ ሊትር ሞተር ላይ ይህ ነው የሚባል ነገር አይጨምርም።

የብየዳ ጥራትም ነገር አለ። ማኒፎልዱ ላይ ስንጥቅ ካለ፣ በፍንዳታዎቹ መካከል በሚፈጠረው መሳብ የውጭ አየር ይገባል። የፊተኛው ሴንሰር ያንን አየር አይቶ ነዳጅ አነሰ ብሎ ያስባል፣ ኮምፒውተሩም ቤንዚን ይጨምራል። ባለቤቱ መኪናዬ ነዳጅ በላች እያለ ካንዴላና ፊልተር ሲቀይር ይከርማል። ስንጥቁ ወለሉ ሥር ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የነዳጅ ሳይሆን የነፍስ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በዝናብ መስኮት ዘግቶ በመንገድ መጨናነቅ የቆመ ቤተሰብ ራሱን ሲያዞረው ድካም ነው ሊል ይችላል። የጭስ ማውጫ ሥራ በርካሽ ሊሠራ የማይገባው ለዚህ ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ብክለት ብሎ ይይዘዋል፤ ለመኖሪያ ሰፈር የወጣው ደረጃ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። አሥር ዴሲቤል ሲጨምር ጆሮ ድምፁ እጥፍ የሆነ ያህል ይሰማዋል። ማፈኛ የሌለው ቱቦ ከዚህ ልክ ስንት እጥፍ እንደሚያልፍ ለማወቅ ሌሊት አያት ማደር ይበቃል።

በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ፣ ያሉን የቤንዚን መኪኖች ረጅም ዕድሜ ይጠበቅባቸዋል። የፋብሪካ ማርሚታቸውን ቆርጦ ለቁራሌው መስጠት የማይመለስ ነገርን መስጠት ነው። ድምፅ የሚወድ ሰው የወጣውን ማርሚታ ቤቱ ያስቀምጥ፤ ማኒፎልዱንና ካታላይዘሩን ሳይነካ የኋለኛውን ብቻ ሱፍ ባለው ያስቀይር፤ የቱቦውን ውፍረት ከፋብሪካው ብዙ አያርቀው። ጉልበት የሚፈልግ ደግሞ ከአየር ፊልተር፣ ከካንዴላና ከቫልቭ ይጀምር።

ሥራው ሲያልቅ ከጋራዡ ሳይወጡ መፈተሽ ይቻላል። ሞተሩን ግቢው ሜዳ ላይ አስነስቶ፣ ወፍራም እርጥብ ጨርቅ ይዞ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ለጥቂት ሴኮንድ መያዝ ነው። የተበየደው ሁሉ ድፍን ከሆነ ጨርቁ እጅን ይገፋል፣ ሞተሩም ሊጠፋ ይንገዳገዳል። ከመኪናው ሥር ፉጨት ከተሰማ ግን የሚያፈስ ቦታ አለ፤ በያጁ ዳግም ከሥር ይግባ፣ ሒሳቡም እስኪጨርስ ይቆይ።